ልጄን አልሸጥም

ነገሩ የተጀመረው ወልቂጤ ውስጥ፣ አንድ ለቅሶ ቤት ነው። ቀኑ ሠልስት ነበር። ድንኳኑ የተተከለው ከዋናው መንገድ ብዙም ሳይርቅ ስለሆነ፣ ወደ ጅማ የሚወርደውም ወደ አዲስ አበባ የሚወጣውም የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር ሸራው ይርገበገባል። ባለፈ ቁጥር እናትየው ቀና ይላሉ፤ መልሰው ያቀረቅራሉ። ልጃቸውን የነጠቃቸው ከእነዚሁ መኪናዎች አንዱ ነው።

ሟቹ መርካቶ ሱቅ ውስጥ የሚሠራ፣ ገና ትዳር ያልያዘ ወጣት ነበር። የጉራጌ ልጅ ዓመቱን ሙሉ የትም ይክረም የት፣ ለመስቀል አገሩ መግባቱ እንደማይቀር መቼም ታውቃላችሁ። እሱም እንደ ጓደኞቹ ለመስቀል ገባ። ከአውቶቡስ ወርዶ፣ ለእናቱ የገዛላቸውን ጋቢ በክንዱ እንደያዘ መንገድ ሲያቋርጥ፣ ሕዝባችን «አልቃይዳ» ብሎ ስም ካወጣላቸው የጭነት መኪናዎች አንዱ ደረሰበት። ጋቢው በኋላ ለመገነዣ ሆነ።

እናላችሁ፣ በሠልስቱ ዕለት የመኪናው ባለቤት የላካቸው ሽማግሌዎች ድንኳኑ ውስጥ ገቡ። አንዱ የሰንጋ ገመድ ይዞ ውጭ ቀርቷል። የተናገሩት ነገር የሚጠላ አልነበረም። «የእግዜር ሥራ ነው፤ ሹፌሩም ሆን ብሎ አላደረገውም፤ የልጆች አባት ነው፤ ሟቹን መመለስ አይቻልም» አሉ። ከዚያም በፖስታ የታሸገ 20 ሺህ ብር እናትየው እግር ሥር አስቀመጡ። እናትየው ፖስታውን በመዳፋቸው ገፉት።

«ልጄን አልሸጥም!» አሉ።

ድንኳኑ ውስጥ የነበርን ሁሉ ልባችን ተነካ። «እሰይ! እናት ማለት እንዲህ ናት!» ያሉም ነበሩ። ሽማግሌዎቹ ፖስታውን አነሱና በምትኩ ሌላ ወረቀት አወጡ። «ገንዘቡን ካልፈለጉት፣ እንግዲያው ስለ ፈጣሪ ብለው ይቅርታውን ይስጡን» አሉ። እናትየው ወረቀቱ ላይ ምን እንደተጻፈ አልጠየቁም፤ እኛም አላነበብንላቸውም። በአውራ ጣታቸው ፈረሙ። ሰንጋው «ለአርባው ይሁን» ተብሎ ቀረ። በአርባው ታረደ። እኔም በልቻለሁ። ይህን የምጽፈው እንግዲህ ከዚያ ሥጋ የበላ ሰው ሆኜ ነው።

ከዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ለሌላ ጉዳይ ወልቂጤ ሄጄ፣ መናኸሪያው አካባቢ የጀበና ቡና ከሚፈላበት አንድ ጥግ አረፍ አልኩ። የምትቀዳው ልጅ የሟቹ እህት ናት። ወንድሟ ሲሞት አሥረኛ ክፍል ነበረች። ደብተሯንም፣ የቤት ኪራዩንም፣ የእናቷን መድኃኒትም የሚችለው እሱ ነበር። ስኒውን አስቀምጣልኝ ትንሽ ቆመችና፣

«ጋሼ፣ ይቅር ማለትና አለመጠየቅ አንድ ነው እንዴ?» አለችኝ።

ያን ዕለት የረባ መልስ አልሰጠኋትም። ቡናዬን ጠጥቼ፣ ከሒሳቡ በላይ ትቼ ሄድኩ። ልክ እንደ ሽማግሌዎቹ ማለት ነው። ይህ ጽሑፍ የዘገየ መልስ ነው።

መቼም «ልጄን አልሸጥም» የሚለው ቃል የአንድ እናት ብቻ አይደለም። በየለቅሶ ቤቱ እንሰማዋለን፤ በሰማን ቁጥርም እናደንቀዋለን። በአንጻሩ ካሣ የጠየቀውን ሰው ምን እንደምንለው አስቡ። «የልጁን ደም በላ» እንለዋለን። ባሏን በመኪና አደጋ ያጣች ሴት ካሣ ተቀብላ ሁለት ክፍል ቤት ብትሠራ፣ «በባሏ ሬሳ ቤት ሠራች» ይባላል። በዚያ ቤት ውስጥ ሦስት ልጆች እየበሉ እንደሚያድሩ የሚያስታውስ ግን ብዙ የለም።

ታዲያ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ያ የጭነት መኪና በዚያው ግጭት የፊት መብራቱ ተሰብሮ፣ ኮፈኑ ተጨራምቶ ነበር። ባለቤቱ መድን ድርጅቱ ዘንድ ሄደ፤ ቅጽ ሞላ፤ የፖሊስ ማስረጃ አያያዘ፤ ፎቶግራፍ አስነሣ። በጥቂት ወራት ውስጥ መኪናው ታድሶ ሥራ ጀመረ። ይህን በማድረጉ ማንም አልወቀሰውም፤ መብቱ ነው። «መብራቱን ሸጠ» ያለውም የለም። የተሰበረ መብራት ባለቤት የሚጠይቅለት፣ የሞተ ሰው ግን የሚጠይቅለት የሚያፍርበት አገር ሆነናል ማለት ነው።

ደግሞ እኛ ከመሠረታችን ሙግት የማናውቅ ሕዝብ ብንሆን ባልገረመኝ። «በሕግ አምላክ!» ሲባል የሚሸሽ ሌባ እንኳ ይቆም ነበር ይባልልናል። ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላ ለነጠላ ተቋጥረው፣ ተቆራኝተው፣ ያለ ፖሊስ ዳኛ ፍለጋ ይሄዱ የነበረው በዚሁ አገር ነው። በላ ልበልሃ የሚያምርበት ተሟጋች እንደ አዝማሪ ይደነቅ ነበር። ዛሬም ቢሆን ለአንድ ክንድ የድንበር መሬት ከአያት እስከ የልጅ ልጅ የሚሟገት ሰው ሞልቷል። ያው ሰው ለልጁ ሞት አንድ ማመልከቻ አይጽፍም። መሬቱን «የአባቴ ነው» ይላል። ልጁንስ የማን ነው ሊል ነው?

«ባህላችን ነው» የሚል አይጠፋም። እስቲ ወደ ባህላችን እንሂድ። የሰባት ቤት ጉራጌ በየጆካ ሸንጎ የሚዳኝበት ቂጫ አለው፤ ክስታኔም የጎርደና ሴራ አለው። በእነዚህ ሥርዓቶች ደም ሲፈስ ነገሩ በአንድ ፖስታና በአንድ ሰንጋ አይዘጋም። ገዳይ ከአካባቢው ይርቃል። ሽማግሌ ሳይታክት ይመላለሳል። ጥፋቱ በአደባባይ ይነገራል፤ ካሣው የገዳዩ ብቻ ሳይሆን የዘመዶቹም ዕዳ ይሆናል። እርቁ በመሐላ ይታሰራል። በመላው አገራችን የደም ካሣ፣ ጉማ፣ ደም ማድረቅ እያልን በየቋንቋው የምንጠራው ሥርዓት አካሄዱ ይለያይ እንጂ መነሻው ተቀራራቢ ነው፤ መጀመሪያ «አጥፍቻለሁ» የሚል ሰው መኖር አለበት። ካሣ መቀበል ልጅን መሸጥ ቢሆን ኖሮ፣ አባቶቻችን ሁሉ ልጅ ሻጮች ነበሩ ማለት ነው።

ዛሬ ድንኳን ውስጥ የሚደረገው ግን ሌላ ነው። ከአባቶቻችን እርቅ ሰንጋውን ወስደን፣ እውነቱን ትተነዋል። ያን ዕለት ሹፌሩ አልነበረም። ባለቤቱም አልነበረም። መኪናው ስንት ኩንታል ጭኖ፣ በስንት ፍጥነት፣ ሹፌሩ ስንት ሰዓት ሳያርፍ ሲነዳ እንደነበር የተናገረ የለም። «የእግዜር ሥራ» ተባለና ጥፋቱ ሁሉ ለእግዜር ተላለፈ። እንዲህ ዓይነቱ እርቅ ለተበዳይ ዕረፍት፣ ለበዳይ ደግሞ ርካሽ ደረሰኝ ነው። ደረሰኝ ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ሹፌሩ በዐቃቤ ሕግ ክስ ቀርቦበት ነበርና፣ ያ በአውራ ጣት የተፈረመ ወረቀት ለቅጣት ማቅለያ ፍርድ ቤት ገባ። ቤተሰቡ ግን ችሎቱ መቼ እንደዋለ እንኳ አልሰማም።

አሁን ወደ ሕጉ እንምጣ። ብዙዎቻችን የማናውቀው ይህንን ነውና።

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የወጣው በ1952 ዓ.ም. ነው። ከውል ውጪ ስለሚደርስ ኃላፊነት በሚናገረው ክፍሉ፣ ቁጥር 2081 ላይ፣ መኪና ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ ነው ይላል። ሹፌሩ አጠፋም አላጠፋም፣ ባለቤቱ በቦታው ነበረም አልነበረም ኃላፊ ነው። መኪናው ተሰርቆ ከነበረ፣ ወይም ጥፋቱ የተጎጂው ራሱ ከሆነ ነገሩ ይለያል። እንግዲህ «ሹፌሩ ሆን ብሎ አላደረገውም» የሚለው የሽማግሌዎች ንግግር እውነት ቢሆንም፣ በካሣው ጉዳይ ላይ ውኃ አያነሳም። ሕጉ ሆን ተብሎ መሆን አለመሆኑን እዚህ ላይ አልጠየቀም።

ቁጥር 2095 ደግሞ ሰው በሞተ ጊዜ ማን መጠየቅ እንደሚችል ይዘረዝራል። ባል ወይም ሚስት፣ ወላጆችና ወደ ላይ የሚቆጠሩ፣ ልጆችና ወደ ታች የሚቆጠሩ። የሚጠይቁትም በሟቹ ስም ሳይሆን በራሳቸው ስም ነው፤ በእሱ ሞት የቀረባቸውን መተዳደሪያ ነው። ልብ በሉ! ሕጉ «ልጅሽ ስንት ያወጣል?» ብሎ አይጠይቅም። «ልጅሽ ከሄደ በኋላ በምን ትኖሪያለሽ?» ነው የሚለው። ሁለቱ ጥያቄዎች የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። እናትየው ድንኳን ውስጥ የመለሱት ለመጀመሪያው ጥያቄ ነው። ሁለተኛውን ማንም አልጠየቃቸውም።

ጊዜም አለው። በቁጥር 2143 መሠረት ክሱ ጉዳቱ በደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ጉዳቱ ከወንጀል የመጣ ከሆነና የወንጀል ሕጉ የበለጠ ጊዜ ከሰጠ በዚያ ይታያል፤ ቢሆንም ይህን ተማምኖ መተኛት ደግ አይደለም። ለዳኝነት የሚከፍለው የሌለው ሰው ደግሞ በድኅነት መክሰስ እንዲፈቀድለት ማመልከት እንደሚችል የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አስቀምጧል።

መድንም አለ። የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ የሆነው በ2000 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ሲሆን፣ በ2005 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 799 ተተክቷል። ይህ አዋጅ ሲወጣ መድን ሰጪው ለአንድ ሰው ሞት የሚከፍለውን ከ5 ሺህ ብር ያላነሰ፣ ከ40 ሺህ ብር ያልበለጠ አድርጎት ነበር። ገጭቶ ያመለጠ ወይም መድን የሌለው መኪና ለገደለው ሰው ደግሞ የመድን ፈንድ እንዲኖር ተደርጓል። ብዙ ቤተሰብ ግን አንድ ነገር ያምታታዋል። መድን ሰጪው የሚከፍለው ጣሪያ የባለንብረቱ ዕዳ ጣሪያ አይደለም። ከመድኑ የተረፈውን ከባለንብረቱ መጠየቅ ይቻላል። «መድን ከፍሎሃል፤ በቃህ» የሚል ሰው ሲመጣ አንገት ማቅረቅ አያስፈልግም።

እስካሁን ሕጉን ያመሰገንኩ መሰለኝ። አሁን ደግሞ ልውቀሰው።

ሰው ሲሞት የሚቀረው የቀለብ ጉድለት ብቻ አይደለም። ሐዘን አለ። ሕጉም ይህን አልካደም፤ በቁጥር 2113 ለቤተሰቡ የኅሊና ጉዳት ካሣ ዳኛው በርትዕ ሊወስን ይችላል ይላል። ይሁንና ሦስት ቁጥር ወረድ ስንል፣ 2116 ላይ፣ ይህ ካሣ በምንም ምክንያት ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ይዘጋዋል። ሕጉ በወጣበት ዘመን አንድ የአሜሪካ ዶላር በ2 ብር ከ50 ይመነዘር ነበር። 1,000 ብር ማለት 400 ዶላር ነበር፤ ያኔ ቁም ነገር ነው። ብሩ በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ በገበያ እንዲመነዘር ከተለቀቀ ወዲህ ግን ያው 1,000 ብር 10 ዶላር አይሞላም። የለቅሶ ድንኳኑን ኪራይ እንኳ አይችልም።

ከዚሁ ጋር አንድ ሌላ ቁጥር አስተያዩ። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በቁጥር 543፣ እንደ ሹፌርና ሐኪም ያለ የሙያ ግዴታ ያለበት ሰው በቸልተኝነት ሰው ከገደለ ከ1 እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራትና ከ3 ሺህ እስከ 6 ሺህ ብር መቀጮ ይጥልበታል። መቀጮው የሚገባው ለመንግሥት ነው። እንግዲህ በአንድ ልጅ ሞት የመንግሥት ግምጃ ቤት እስከ 6 ሺህ ብር ሲያገኝ፣ የእናቱ እንባ 1,000 ብር ላይ ይቆማል ማለት ነው። «ልጄን አልሸጥም» ያሉት እናት ይህን ዋጋ ቢሰሙ ኖሮ የሚገፉት ፖስታውን ብቻ አይሆንም ነበር።

ሁለተኛው ወቀሳዬ ይብሳል፤ በተለይ ለጉራጌ። ቁጥር 2096 ከባልና ሚስት፣ ከወላጅና ከልጅ በቀር ሌላ ሰው፣ ሟቹ ያስተዳድረው እንደነበር ቢያስረዳ እንኳ፣ በሞቱ ምክንያት ካሣ መጠየቅ አይችልም ይላል። ይህ ድንጋጌ የሚገጥመው ሰው ሁሉ ለሚስቱና ለልጆቹ ብቻ የሚኖርበት አገር ነው። እኛ ዘንድ ግን ታላቅ ወንድም ሁለተኛ አባት ነው። መርካቶ ገብቶ ሊስትሮ ጠርጎ፣ ሱቅ ተቀጥሮ፣ ታናሾቹን አንድ በአንድ አስመጥቶ የሚያስተምር፣ ለቤቱ ቆርቆሮ የሚልክ እሱ ነው። በ1950ዎቹ የመንገድ ሥራ ድርጅት አቋቁሞ፣ ከኪሱ እያዋጣ ወደ አገሩ መንገድ ያስገባው ሕዝብ በዚህ ዓይነት ወንድሞች ትከሻ ላይ የቆመ ነው። ያ ወንድም በመንገድ ሲሞት፣ ሕጉ እህቱን «አንቺ ማን ነሽ?» ይላታል።

የቡና ቀጂዋን ልጅ ነገር አሁን ተረዳችሁልኝ። ትምህርቷን ያቋረጠችው እሷ ናት። መጠየቅ የምትፈልገውም እሷ ናት። መጠየቅ የሚችሉት ግን እናቷ ብቻ ናቸው። እናቷ ደግሞ በሕዝብ ፊት «አልሸጥም» ብለዋል፤ እኛም አጨብጭበንላቸዋል።

ሌሎች ሰዎች ይህን ነገር እንዴት እንደያዙት ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 302 ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች አለቁ። ከሟቾቹ ኢትዮጵያውያንም የሌላ አገር ሰዎችም ነበሩበት። አውሮፕላኑ ቦይንግ 737 ማክስ ነበር። 5 ወር በማይሞላ ጊዜ ቀደም ብሎ ኢንዶኔዢያ ውስጥ ተመሳሳዩ ወድቆ 189 ሰዎች ሞተዋል። የሟች ቤተሰቦች ምን አደረጉ? አለቀሱ። ካለቀሱ በኋላ ግን ጠየቁ። ቺካጎ ፍርድ ቤት ሄደው ኩባንያውን ከሰሱ። የልጆቻቸውን ፎቶግራፍ ከፍ አድርገው ይዘው የአሜሪካ ምክር ቤት አዳራሽ ውስጥ ቆሙ። የኩባንያው ሹሞች ሲናገሩ ከኋላቸው ያ ሁሉ ፎቶግራፍ ይታይ ነበር።

በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ኩባንያው በዚህ አደጋ ለደረሰው ጉዳት ኃላፊነቱን ተቀብሎ ካሣ ለመክፈል ከቤተሰቦቹ ጋር ፍርድ ቤት ውስጥ ተስማማ። ብዙዎቹ ክሶች በስምምነት አለቁ። በ2018 ዓ.ም. ኅዳር ደግሞ የቺካጎ ዳኞች ጉባኤ ለአንዲት የሞተች ህንዳዊት ቤተሰብ ከ28 ሚሊዮን ዶላር በላይ ፈረደ። ቁጥሩን የጠቀስኩት ለማስጎምጀት አይደለም። የእኛ ባለመኪና ቦይንግ አይደለም፤ ወልቂጤም ቺካጎ አይደለችም። የጠቀስኩት ሰዎቹን አንድም ሰው «ልጃቸውን ሸጡ» ስላላላቸው ነው። እንዲያውም ክሱና ጩኸታቸው ባይኖር፣ አፍንጫውን ወደ መሬት የሚደፋው የኮምፒውተር ሥርዓት ነገር ይህን ያህል ባልተመረመረም ነበር። ጥፋቱን በአብራሪዎቻችን ላይ ለማላከክ የፈለገ እኮ ጥቂት አልነበረም። ጥያቄው ለሞቱት አልደረሰላቸውም፤ ከእነሱ በኋላ ለተሳፈሩት ግን ደረሰ።

ካሣ የመጠየቅ ሌላው ትርጉሙ ይኸው ነው። ለአንድ ሰው ሞት አንድ ሰንጋ ብቻ የከፈለ ባለመኪና፣ ሹፌሩን በማግሥቱ ያለ ዕረፍት ከጅማ አዲስ አበባ ይልከዋል። ምን ያስፈራዋል? ሰንጋው ከጎማ አይወደድበትም። ለአንዲት እናት ዕድሜ ልክ ቀለብ የተፈረደበት ባለመኪና ግን ሹፌሩን «ተኝተሃል ወይ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

ገዳዩ መኪና ባይሆንስ? ወልቂጤ ይህንንም አይታለች። በ2015 ዓ.ም. የካቲት ወር፣ ውኃ የጠማው የከተማው ሰው ጀሪካኑን ይዞ አቤት ሊል ወጥቶ የጸጥታ ኃይሎች ተኩስ ከፍተው፣ ቢያንስ 3 ሰዎች መሞታቸውን የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በወቅቱ አስታውቋል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2126 የመንግሥት ሠራተኛ በሥራው ምክንያት ባጠፋው ጥፋት ለደረሰ ጉዳት ተጎጂው መንግሥትን ካሣ መጠየቅ ይችላል ይላል። በባለመኪና ላይ መጠየቅ ያሳፈረው ሰው፣ በመንግሥት ላይማ እንዴት አድርጎ ይጠይቅ? ዝምታ ይለመዳል። ድንኳን ውስጥ የተለመደ ዝምታ አደባባይ ላይም ይከተላል።

ምን ይደረግ ታዲያ? እኔ ትልቅ ነገር አላመጣሁም። መጀመሪያ ለሽማግሌዎቻችን አንድ ልመና አለኝ። እርቁን አትተዉ፤ ደም እንዳይቃባ የሚያደርግልን እናንተ ናችሁ። ግን አርባው ሳይወጣ ለማንም ሐዘንተኛ ወረቀት አታቅርቡ። ስታቀርቡም ጮክ ብላችሁ አንብቡት። በዳዩንም ይዛችሁ ኑ፤ እሱ ራሱ ይናገር። ይቅርታው ከካሣው ጋር የሚጋጭ አይደለምና፣ የይቅርታ ወረቀት ውስጥ «ከእንግዲህ ምንም አልጠይቅም» የሚል ሐረግ ሾልኮ እንዳይገባ ጠብቁልን። በሕግ ፊት እርቅ ውል ነው፤ በለቅሶ የደነዘዘ ሰው ደግሞ የሚፈርመውን አያውቅም።

ሁለተኛው ለዕድሮቻችን ነው። ድንኳን፣ ወንበርና ብረት ድስት በማዋጣት የሚያህለን የለም። ከዚህ ጋር የፖሊስ ማስረጃውን፣ የሐኪም ወረቀቱን፣ የመኪናውን ሰሌዳና የምስክሮቹን ስም በመጀመሪያው ሳምንት የሚሰበስብ አንድ ፊደል የቆጠረ ሰው ብንመድብስ? ለቀብር መቶ ሰው እናወጣለን፤ ለችሎት አንድ ሰው አናወጣም።

ሦስተኛው ሕግ ለሚያወጡት ነው። 2116ና 2096ን አንብቧቸው። ካነበባችሁ በኋላ አንድ ለቅሶ ቤት ሂዱና፣ ለሟቹ እናት «የሐዘንሽ ጣሪያ 1,000 ብር ነው» ብላችሁ ንገሯቸው። ለታናሽ እህቱም «አንቺን ወንድምሽ ማስተማሩ አይቆጠርም» በሏት። መናገር ካሳፈራችሁ፣ ቀይሩት።

ባለፈው ጊዜ ወልቂጤ ስሄድ በቀጥታ ወደ እናትየው ቤት ሄድኩ። ሁለት ዓመቱ ሊሞላ ጥቂት ወራት ቀርተውታል። ልጅቷ ያን የይቅርታ ወረቀት ቅጂ ከአንዱ ሽማግሌ ለምና አግኝታ ነበር። አነበብኩላቸው። አጭር ናት። «ሟች» የሚለው ቃል አራት ጊዜ ተጽፏል። ስለ ካሣ አንድም ነገር የለበትም። በሩ አልተዘጋም ማለት ነው። ሕጉንም እንደሚገባኝ አድርጌ ነገርኳቸው፤ ማንም ልጃቸውን እንደማይተምንባቸው፣ የሚጠየቀው እሱ ሲያደርግላቸው የነበረው እንደሆነ፣ ከእሳቸው በቀር የሚጠይቅ እንደሌለ አስረዳሁ።

እናትየው ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ልጅቷ ቡናውን እያማሰለች እሳቸውን አታይም ነበር።

«እዚያ የፈረምኩት ላይ ስሙ አለ?» አሉኝ በመጨረሻ።

ደግሜ አየሁት። ስሙ የለም። ከላይ እስከ ታች ሟች፣ ሟች ነው የሚለው።

«ክስ የምትሉት ላይስ ይጻፋል?»

«ይጻፋል እናቴ፤ እስከ አያቱ ነው የሚጻፈው» አልኳቸው።

ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«እንግዲያው እሱን አስጽፊልኝ» አሉ።